የጣት መገጣጠሚያ በአልትራሳውንድ፦ እስካሁን የደረስኩበት

"ሩማቶይድን (መገጣጠሚያ የሚያስቆጣውን በሽታ) በአልትራሳውንድ ማየት ጀመርኩ" ስላችሁ "ማሽኑን ከየት አገኘኸው?" ያላችሁኝ በዝታችኋል። አዲስ ማሽን የለም። ጽንስ የምናይበት ያው ማሽን ነው። ፕሮቡን (ቆዳ ላይ የምናሳርፈውን የማሽኑን እጅ) ብቻ ለእንቅርት በምናወጣው ሊኒየር፣ ማለትም ፊቱ ቀጥ ባለው፣ መቀየር ነው። ከ12 ሜጋኸርትዝ በላይ ከሆነማ ምን ጎደለ!

የምጀምረው ከእጅ አንጓ ጀርባ ነው፤ ቀጥሎ የአመልካችና የመሀል ጣት ሥር። አጥንቱ ደማቅ ነጭ መስመር ሆኖ ይወጣል። የመገጣጠሚያው ሽፋን ጤነኛ ሰው ላይ እምብዛም አይታይም፤ ሲያብጥ ግን ጠቆር ብሎ ይነፋል። ውኃ ይሁን ያበጠ ሽፋን ለመለየት ጫን ማድረግ ነው። ውኃው ይሸሻል፣ ሽፋኑ ባለበት ይቀራል።

ፓወር ዶፕለር (የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየው የማሽኑ ክፍል) ላይ ግን መጫን ክልክል ነው። ይህን በደንብ ያሳዩኝ በጠዋት ጀልባ ከዘጌ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። "ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል፤ የሐይቁ ብርድ ነው መሰለኝ" ይላሉ። ኤክስሬያቸው ንጹሕ ነው። እጃቸው ቀዝቅዞ ስለነበር መጀመሪያ አሞቅነው፤ ብርድ የደም ዝውውሩን ቀንሶ ዶፕለሩን ያሳስታል። ከዚያ ጄሉን አናት ላይ እንደሚደረግ ቅቤ ከመርኩት። "እማማ፣ እጅዎን ይልቀቁት፤ ጠረጴዛው ይሸከመው" አልኳቸው። ፕሮቡ ቆዳቸውን ሳይጫን ጄሉ ላይ ሲንሳፈፍ፣ ካበጠው ሽፋን ውስጥ ብርቱካንማ ነጥቦች ብልጭ ብልጭ አሉ። ትንሽ ጫን ሳደርገው ድርግም። ስለቀው ተመለሱ። "ደሜ ነው እንዴ?" አሉኝ ስክሪኑን እያዩ። ደምዎ ነው፣ ቀለሙን የቀባው ግን ማሽኑ ነው አልኳቸው።

ሴቲንጉን ለጠየቃችሁ፦ ፒአርኤፉን (ማሽኑ በሰከንድ የሚልከውን የድምፅ ምት ብዛት) ከ0.5 እስከ 1 ኪሎኸርትዝ ዝቅ አድርጉት። ጌይኑን (የምልክት ማጉያውን) ስክሪኑ በነጠብጣብ እስኪሞላ ከፍ አድርጉና ነጠብጣቡ እስኪጠፋ ድረስ መልሱት። ለዶፕለሩ ቀለም ደረጃ የሚሰጠው ከ0 እስከ 3 ነው፤ ቀለሙ ካበጠው ሽፋን ከግማሽ በላይ ከያዘ 3 ነው። ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ስታነጻጽሩ ያው ማሽን፣ ያው ሴቲንግ ይሁን። ታካሚው እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ ውጦ እንደመጣም ጠይቁ፤ ቀለሙን ሊያደበዝዘው ይችላል።

አጥንቱ ተቦርቡሯል ለማለት የተቦረቦረው ቦታ በሁለት አቅጣጫ መታየት አለበት። ኤክስሬይ ይህን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው። አጥንት ውስጥ ያለ እብጠት ግን የኤምአርአይ ሥራ ነው። ከወገብና ከዳሌ ለሚጀምረው ብግነት በፕሮብ አትድከሙ።

አንዳንዶቻችሁ በየቀጠሮው ልናየው ነው ስትሉ ሰምቻለሁ። እኔ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው አርክቲክ (ARCTIC) የተባለው የኖርዌይ ጥናት 238 የሩማቶይድ ታካሚዎችን ለ2 ዓመት ተከታትሎ፣ ሕክምናን በአልትራሳውንድ መምራት በእጅ መርምሮ ከመምራት የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል። እኔ ፕሮቡን የማነሳው የታካሚው ስሞታና በእጄ የዳሰስኩት አልገጥም ሲሉኝ ነው። ያኔ ነገር ይፈታል።

አሁን ወደ እግር ወርጃለሁ። መጀመሪያ የጤነኛ ባልደረቦቼን እግር ነው የማየው፤ አውራ ጣት ሥር ትንሽ ውኃ ጤነኛም ላይ ስለሚገኝ፣ ያን ሳይለምዱ "በሽታ ነው" ማለት ሰው ያለጥፋቱ ሜቶትሬክሴት (የሩማቶይድ መድኃኒት) ያስውጣል። አሮጌ ማሽን ያላችሁ ፒአርኤፉ የት እንደተደበቀ ጻፉልኝ፤ የእኛው ሦስተኛው ሜኑ ውስጥ ነው የተገኘው።