ጥር 3፣ ዋይት ሃውስ ፊት ለፊት

ኩባ ላይ ያለው የአሜሪካ ወታደራዊ እስር ቤት ጓንታናሞ የተከፈተበት ቀን በኛ አቆጣጠር ጥር 3 ነው የሚውለው፣ ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው። በፈረንጅ ጃንዋሪ 11 2002 የመጀመሪያዎቹ 20 እስረኞች አይናቸው ተሸፍኖ እጅና እግራቸው በሰንሰለት ታስሮ ኩባ ደረሱ፣ ከዛ ወዲህ ወደ 780 ሰው ገብቶበታል፣ አብዛኞቹ አንድም ክስ ሳይቀርብባቸው። ዲሲ ውስጥ ይሄ ቀን ሲደርስ ሰዎች የእስረኞቹን አይነት ብርቱካናማ ቱታ ለብሰው ጭንቅላታቸውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው ዋይት ሃውስ ፊት ይቆማሉ፣ የእስረኞቹን ስም አንድ ባንድ ይጠራሉ። ከነሱ ውስጥ ከዚህ አገር ቄስ እስከ ጡረታ የወጣ አስተማሪ አለ፣ ከታሰሩት ጋር የሚያገናኛቸው ዘመድም ሃይማኖትም የለም። እኔም እሄዳለሁ።

አጎቴ ይሄ ነገር አይዋጥለትም። "አንቺ ልጅ፣ የኛ እስረኛ አንሶን ነው እንዴ ለአሸባሪ የምትጮሂው?" ይለኛል። የሚለኝ ከክፋት አይደለም፣ ኢቲቪ ላይ አሸባሪ የተባለ ሁሉ ማን እንደነበረ ከኔ በላይ ያውቃል። ግን መልስ ይገባዋልና ዛሬ እስቲ ልጻፈው ብዬ ነው።

በመጀመሪያ የኛም ሰው እኮ እዛ ነበር። ቢንያም መሐመድ ኢትዮጵያ የተወለደ፣ በፈረንጅ 1994 ገና ልጅ ሆኖ እንግሊዝ ጥገኝነት የጠየቀ፣ ለንደን ይኖር የነበረ ሰው ነው። ኤፕሪል 2002 ካራቺ ኤርፖርት የሱ ባልሆነ ፓስፖርት ሊወጣ ሲል ተያዘ፣ እዛው እያለ የእንግሊዝ ስለላ ድርጅት የኤምአይ ፋይቭ ሰው መጥቶ ጠየቀው፣ ከዛ አሜሪካኖቹ በድብቅ ሞሮኮ ወሰዱት። ሞሮኮ 18 ወር። ብልቴን ሳይቀር በስለት ይቆርጡኝ ነበር ብሏል፣ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ደሞ ስለ ለንደን ኑሮዬ ነው ብሏል፣ እንግዲህ ጥያቄውን ማን ላከላቸው? ቀጥሎ ካቡል፣ እስረኞቹ የጨለማ እስር ቤት የሚሉት ቦታ፣ ሙዚቃ ቀንና ሌሊት እየጮኸበት። ይሄን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ ማዕከላዊ ነው፣ የማዕከላዊንም ጨለማ ቤት ያሳለፉት ነግረውናል። በ2004 ጓንታናሞ ገባ፣ በራዲዮአክቲቭ ቦምብ ሴራ ጠረጠርነው ሲሉ ኖረው ኦክቶበር 2008 ክሱን በሙሉ አነሱት፣ ፌብሩዋሪ 2009 ለንደን ተመለሰ። ሰባት አመት ማለት ነው። ሲወጣ የጠየቀው በቀል አልነበረም፣ እውነቱ ይታወቅ ብቻ ነው ያለው።

እና እውነቱን ያወጣው ማን ነው? ክላይቭ ስታፎርድ ስሚዝና ሪፕሪቭ የሚባለው የእንግሊዝ የመብት ድርጅት ጠበቆች፣ ከወታደሩ በኩል ደሞ ጥብቅና ቁሚለት ተብላ የተመደበችለት ሌተናል ኮሎኔል ኢቮን ብራድሊ፣ ይሄ ሰው ይፈታ ብላ ለንደን ድረስ ሄዳ የተናገረች። የእንግሊዝ መንግስት ስለ ቢንያም አያያዝ የምትናገር ሰባት አንቀጽ ብቻ የሆነች የፍርድ ቤት ጽሁፍ እንዳትወጣ ከአሜሪካ ጋር ያለን የመረጃ ልውውጥ ይበላሻል ብሎ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተሟገተ፣ ፌብሩዋሪ 2010 ተሸነፈ። ሰባቷ አንቀጽ ስትወጣ እንቅልፍ እንደነሱት፣ ደብዛህን እናጠፋለን ብለው እንዳስፈራሩት፣ ይሄንንም እንግሊዞቹ ያኔውኑ እንደተነገራቸው ታየ። ሰልፍ ምን ያመጣል ለሚለኝ ሰው ይቺን ነው የማሳየው፣ ፍርድ ቤት የገባው ጠበቃ ቢሆንም ጉዳዩ እንዳይረሳ ያደረገው ውጪ ብርድ ላይ የቆመው ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ ይሄ ነገር አገራችንም ገብቷል። በፈረንጅ 2007 መጀመሪያ ከሶማሊያ ጦርነት ሸሽተው ኬንያ ድንበር ላይ የተያዙ ሰዎች፣ ሴቶችና ህጻናት ሳይቀሩ፣ በአውሮፕላን ተጭነው ኢትዮጵያ ገቡ፣ እዛ ደሞ የአሜሪካ መርማሪዎች ጠየቋቸው። መንግስት መጀመሪያ ካደ፣ ኤፕሪል ላይ 41 ሰው ይዣለሁ ብሎ አመነ። ያኔ ከኛ ስንቱ ነው የጮኸላቸው? ሶማሌ ናቸው፣ የሌላ ናቸው ተብሎ ታለፈ። ከዛ በኛ አቆጣጠር በ2001 የጸረ ሽብር አዋጁ መጣ፣ 652/2001፣ ፖሊስ ክስ ሳይመሰርት 28 ቀን 28 ቀን እያስቀጠረ እስከ አራት ወር እንዲያስር የፈቀደው፣ እና ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋም በሱ ታሰረ ብሎገሮቹ ዞን ዘጠኞችም በሱ ታሰሩ፣ ያን ጊዜ እኛ ስቴት ዲፓርትመንት በር ላይ ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኽን። ማዕከላዊ በኛ አቆጣጠር በ2010 ሲዘጋ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቆመው ሰውን ጨለማ ቤት ማስገባትና መግረፍ የኛ የራሳችን የሽብር ስራ ነው ሲሉ አለቀስን። ትክክል ነበር ማልቀሳችን። ግን ድብደባ የሚከፋው የምንወደው ሰው ላይ ሲሆን ብቻ ነው ካልን መንግስት ስራው ቀሎለታል፣ ሰውየውን እንድንጠላው ካደረገ በቃ፣ ሌላውን እኛው እንጨርስለታለን።

ለዚህ ነው እኔ ለዘንድሮ የማንን ስም ትይዣለሽ ሲሉኝ አቡ ዙበይዳን የመረጥኩት። እሱ ቢንያም አይደለም፣ የኛ ሰው አይደለም፣ ማንም የሚያዝንለት አይነት ሰው አይደለም። ማርች 2002 ፓኪስታን ተያዘ፣ ሲአይኤ በአንድ ወር 83 ጊዜ ፊቱ ላይ ውሃ እያፈሰሰ አሰጠመው፣ ሬሳ ሳጥን በሚያክል ሳጥን ውስጥ በድምሩ 266 ሰአት ዘጋበት፣ ይሄን ያለው የአሜሪካ ሴኔት የራሱ ሪፖርት ነው በ2014። የአልቃይዳ ትልቅ አመራር ነው ተብሎ ነበር፣ በኋላ ራሳቸው የአልቃይዳ አባልም አልነበረም አሉ። ጃንዋሪ 2025 ጓንታናሞ 15 ሰው ሲቀር አንዱ እሱ ነበር፣ አሁንም ያለ ክስ።

አጎቴ ጥፋተኛ ቢሆንስ ይለኛል። ጥፋተኛ ከሆነ ፍርድ ቤት አቅርበው ያሳዩን፣ ማሳየት ካልቻሉ ይፍቱት፣ እኔ ሌላ የጠየቅኩት ነገር የለም።