እቃችን ጨነቅ፣ እኛ ግጭ

ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አንድ ሌሊት ያለ ድንኳን፣ ያለ ስንቅና ያለ ብርድ ልብስ አድሬያለሁ። ጥፋቱ ግማሹ የጉዞ አዘጋጁ ነው፤ ግማሹ የራሴ ነው፤ እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ የእኔ ከግማሽ ይበልጣል። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው የለም ብዬ ማማረር እንኳ አልችልም፤ ማንንም አልጠየቅሁማ።

ጊዜው ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ነው። ተጓዦቹ እኔ፣ ታናሽ እህቴና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነን። ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን፣ ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ሄድን። ደባርቅ ላይ የመግቢያ ከፈልን፤ ስካውት፣ ማለትም ጠመንጃ የያዘ የፓርኩ አጃቢ፣ ተመደበልን። አስጎብኚ አልያዝንም፤ ብር ለመቆጠብ ነው። ይህ ሁሉ በሰላም አለቀ። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ እደሩ። ከተማዋ ራሷ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ሳንባችሁ እዚያ ይለማመድ። በዚያው ቀን ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ማታ ተራራው ላይ ማደር ይቻላል የሚሏችሁን አትስሙ። ይቻላል፤ ራስ ምታቱ ግን የእናንተ ነው።

ስካውት መያዝ ግዴታ መሆኑ አናዶኝ ነበር። በገዛ አገሬ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ለምን ይከተለኛል ብዬ አጉረመረምኩ። የተመደቡልን ሰው ዕድሜያቸው የአባቴን ያህላል። ጋሼ እንላቸው ነበር። የያዙት አንድ ጠመንጃ፣ አንድ ጋቢና አንዲት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ብቻ ነው። ከረጢቷ ውስጥ ምን እንዳለ ለመጠየቅ አላሰብኩም።

አሁን ድንኳናችንንና እቃችንን ወደሚጭነው በቅሎ ልምጣ። የጉዞ አዘጋጁን ያገኘሁት በስልክ ነው። «ስንት ሌሊት?» ሲለኝ ሁለት አልኩት፤ አንዱ ሳንቃ በር፣ ሌላው ጨነቅ፤ ሁለቱም ፓርኩ ውስጥ ያሉ የድንኳን ሰፈሮች ናቸው። ደባርቅ ስደርስ ግን ያገኘሁት ሰው ሁሉ ግጭ የሚባለውን ሰፈር ሳታይ፣ እሜት ጎጎ ከሚባለው ጫፍ ላይ ሳትቆም ተመለስክ ማለት አልሄድክም ማለት ነው አለኝ። ደወልኩና ሦስት ሌሊት አደረግሁት። «ችግር የለም» አለኝ። ልዩነቱን በባንክ ላክሁለት። እሱም ገንዘቡን ተቀበለና ለባለ በቅሎው ምንም አልነገረውም።

የመጀመሪያው ቀን ከቡይት ራስ ሳንቃ በር ነበር፤ አጭርና ቆንጆ መንገድ ነው። ሁለተኛው ቀን ጠዋት ባለ በቅሎው ድንኳኑን ጠቅልሎ ሲጭን አጠገቡ ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ደህና አደርክ አልኩት፤ በቅሎዋ ስንት ዓመቷ ነው አልኩት፤ ብርዱ እንዴት ነው አልኩት። ዛሬ የምናድረው የት ነው አላልኩትም። እሱም አልጠየቀኝም፤ ለምን ብሎ ይጠይቀኛል? የታዘዘበት ቦታ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ኪሱ ውስጥ አለ። በመኪናው መንገድ ቀጥ ብሎ ሄደ። እኛ ደግሞ በጅንባር ፏፏቴ በኩል ታጥፈን ወደ ግጭ ወጣን። ጀርባችን ላይ የነበረው ውኃ፣ ካሜራ፣ ሁለት ብርቱካንና አንድ ጥቅል ብስኩት ነው።

ግጭ የደረስነው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። 3,600 ሜትር ላይ ያለ የጓሳ ሜዳ ነው። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል እዚህም እዚያም ተተክሏል፤ ከሩቅ ሲያዩት የቆመ ሰው ይመስላል። ያን ምሽት ስንት ጊዜ ጅብራ አይቼ «ይኸው መጣ!» እንዳልኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በቅሎ ዘገምተኛ ነች አልን። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ጭነቱ ወድቆበት ይሆናል አልን። ሣሩን እየነጩ ሲበሉ የዋሉት ጭላዳዎች ተራ በተራ ወደ ገደሉ ጫፍ እያዘገሙ ቁልቁል ወደ ማደሪያቸው ወረዱ። እህቴ አየቻቸውና «እነሱስ የሚያድሩበትን ያውቃሉ» አለች። አልሳቅሁም።

ጋሼ ስልክ የሚይዝበት ጉብታ ያውቁ ነበርና ወሰዱኝ። የጉዞ አዘጋጁ ስልክ ዝግ ነው። ደግሜ ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ልጁ ጨነቅ ሳይሄድ አልቀረም» አሉኝ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። እቃችን ጨነቅ ገብቷል፤ እኛን ግጭ ላይ ጨነቀን። በማግስቱ ስናገረው ያስቃል፤ ያን ሰዓት ግን ጸሐይ ከገባች ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ነበር። ወደ ጨነቅ በጨለማ እንሂድ ብል ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገደል እንደሆነ ለማየት ቀን ላይ ያለፍንበትን ማስታወስ ይበቃል።

ያዳነን ሌላ ቡድን ነው። የውጭ አገር ቱሪስቶች ይዞ የመጣ ምግብ አብሳይ የሚሠራባት ጎጆ ነበረች። ጋሼ ገብተው አነጋገሩትና እሳቱ ዳር ቦታ ተሰጠን። የተረፈ ሾርባ ለሦስት ተካፈልን። ከዚያ ጋሼ ያቺን ከረጢት ፈቱ። በሶ ነው። የውኃ ጠርሙሴን በቢላ ለሁለት ቆረጡት፤ በሶውን ከታችኛው ግማሽ ላይ ጨምረው ጨው ነሰነሱ፤ ውኃ ጠብ እያደረጉ በጣታቸው አሹትና ጭብጥ ጭብጥ እያደረጉ አደሉን። የራሳቸው ድርሻ ከእኛ ያነሰ ነበር። ማፈሬን የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ደባርቅ ላይ ስንቅ ስንገዛ የስካውቱንና የባለ በቅሎውን አልገዛንም። የጉዞ አዘጋጁ «የራሳቸውን ይዘው ነው የሚመጡት፤ አታስቡ» ብሎን ነበር። እኛም ደስ ብሎን አላሰብንም።

ጋቢያቸውን ለእህቴ ሰጧት። እምቢ ብትል «እኔ ለምጄዋለሁ» አሏትና ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ በካፖርታቸው ብቻ፣ በሩ ዳር ተቀመጡ። ሌሊቱ እንዴት እንደነጋ አልዘረዝርም። ፊቴ ይቃጠላል፤ ጀርባዬ ይበርዳል፤ ዞሬ ስቀመጥ ይገለበጣል። ንጋት ላይ ስወጣ ሜዳው በአመዳይ ነጥቷል፤ በር ላይ የተረሳ አንድ ፎጣ እንደ ጣውላ ደርቆ ቆሟል። በነገራችን ላይ ያሞቀን እሳት አስታ ከሚባለው የተራራው ዛፍ እንጨት ነበር። ያንን እንጨት ማንደድ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ያን ሌሊት ግን ማንም ቢያጠፋብኝ እጣላው ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ የግጭ አካባቢ በሰደድ እሳት ሲነድ፣ ለማጥፋትም ከውጭ አገር ሳይቀር እርዳታ ሲመጣ ዜናውን የሰማሁት አንገቴን ደፍቼ ነው።

በማግስቱ በእሜት ጎጎ በኩል ጨነቅ ወረድን። እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው፤ ሰው ሁሉ ስለ እይታው ያወራል። እኔ ያየሁት የመኝታ ከረጢቴን ነው፤ በሐሳብ። ጨነቅ ስንደርስ ድንኳኖቻችን ተተክለዋል፤ ባለ በቅሎው ፊታቸው ላይ ተቀምጧል። ልጮህበት አፌን ከመክፈቴ እሱ ቀደመኝ፦ «የት ጠፋችሁ? ገደል ገባችሁ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ሳበራ አደርኩ!» ዓይኑ ቀልቷል። ብጣሿን ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። «ሳንቃ በር። ጨነቅ። መልስ» ትላለች። የምናገረው አጣሁ።

እንግዲህ ለሚሄድ ሰው እንዲህ እላለሁ። ቡክሌቶቹ «ቀላል ቦርሳ ብቻ ያዙ፤ የቀረውን በቅሎ ይሸከመዋል» ይላሉ። አትመኑ። የመኝታ ከረጢታችሁንና የአንድ ማታ ስንቅ በራሳችሁ ጀርባ ተሸከሙ፤ ትከሻችሁ ይቁሰል። ጠዋት ጠዋት በቅሎው ሳይጫን ባለ በቅሎውንና ስካውቱን አንድ ላይ አቁማችሁ የማደሪያውን ስም በአፋቸው አስጠሩ። ስንቅ ስትገዙ ለአምስት ሰው ግዙ፤ ሦስት ብትሆኑም። ሁሉም ታኅሣሥና ጥር ምርጥ ወቅት ነው ይላል፤ ሰማዩ እርግጥ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን ጨካኝ ነው። እኔ ብመለስ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ነው የምሄደው፤ ጭቃውን ችዬ። ራስ ዳሸንን እንደ እኛ ባለ የሦስትና የአራት ቀን የእግር ጉዞ ውስጥ አስገባላችኋለሁ የሚል ካገኛችሁ ካርታ አያውቅም፤ ከጨነቅ የቧሂትን ተራራ ተሻግሮ እስከ መሸሃ ወንዝ መውረድ፣ ከዚያ እንደገና መውጣት አለ። ደግሞ እኔ የማወራው ስለ 2011 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰሜኑ ብዙ መከራ አይቷልና ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ደባርቅ ያለ ሰው ጠይቁ።

ጉርሻውን ለጋሼ በእጃቸው ሰጠኋቸው፤ በአዘጋጁ በኩል አይደለም። ቆጠሩና «በዛ» አሉ። አልበዛም። የጉዞ አዘጋጁ የሦስተኛውን ሌሊት ገንዘብ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ለጥምቀት ጎንደር ትመጣለህ ወይ፣ በቅሎ ላዘጋጅልህ ወይ ብሎ ደወለልኝ።

«የት ነው የሚያድሩት?» አልኩት።

«እነማን?» አለኝ።