ካናቴራ የቱ ነው?

ባለፈው ለእረፍት አዲስ አበባ ልገባ ስል እማዬ ደውላ "ለአባትህ ካናቴራ ይዘህለት ና፣ ያሉት አልቀዋል" አለችኝ፣ እኔም እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሶስት አሪፍ የጥጥ ቲሸርት ገዝቼ፣ አንዱ እንደውም ደረቱ ላይ ትልቅ ንስር ያለበት፣ ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቄ ሄድኩ። አባዬ አንዱን ዘረጋው፣ ገልብጦ አየው፣ ከዛ "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ካናቴራውስ?" ይለኛል። እሱ እኮ ነው አባዬ አልኩት። ምንም ሳይል የሸሚዙን ሁለት ቁልፍ ፈታና ከስር የለበሳትን አሳየኝ፤ እጅጌ የሌላት፣ ድሮ ነጭ የነበረች፣ ከመታጠብ ብዛት ወንፊት የሆነች ነገር። "ካናቴራ ይቺ ናት" አለ፣ በቃ።

ለኔ ደግሞ ካናቴራ ማለት ከላይ የሚለበስ፣ አጭር እጅጌ ያለው፣ ኮሌታ የሌለው ነው። ለሰልፍ፣ ለምርጫ ቅስቀሳ፣ ለማህበር ምናምን የሚታተመው ሁሉ ካናቴራ ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚሮጠው የታላቁ ሩጫስ? ያን ቀን ከተማው በሙሉ አንድ ቀለም ሲሆን ካናቴራ ካልተባለ ምን ሊባል ነው።

ግን አባዬ ሳያውቀው ልክ ነው (ወይ እያወቀ ነው፣ እሱ አይታመንም)። ቃሉ የጣልያን ነው፣ እንደ ካልሲ፣ ማልያ፣ ቱታና ሙታንታ፤ ቁምሳጥናችን ግማሹ ጣልያንኛ ነው የሚያወራው። ካኖቶ ትንሽ ጀልባ ነው፣ ካኖቲዬሬ ቀዛፊው፣ ካኖቲዬራ ደግሞ የቀዛፊ ልብስ፣ ክንድ እንዳይይዝ እጅጌ የሌላት። እነሱ ዛሬም በዚህ ስም የሚጠሩት ያቺኑ የአባዬን ነው። እኛ ጋ ስትመጣ ነው እጅጌ ያበቀለችው፣ አጻጻፏም እንደየሰዉ ነው፣ ካኒቴራም ካኔቴራም ሲሉ አይቻለሁ። ከኔ ያነሱት ደግሞ ጭራሽ ቲሸርት ነው የሚሉት።

በነጋታው መርካቶ ሄጄ ካናቴራ አለ ወይ ስለው ነጋዴው ቀና እንኳን ሳይል "የውስጥ ነው የላይ?" አለኝ። አየህ፣ እኛ ቤት ሙሉ ቀን ያከራከረን ነገር እሱ ጋ የአንድ ጥያቄ ጉዳይ ነው። የውስጥ አልኩት፣ ስድስት ገዛሁ። ንስሩን አሁን እማዬ ናት እንጀራ ስትጋግር የምትለብሰው።