ቦቢን ይዤ ሱሉልታ ገናን እንዴት እንደዋልኩ

ዘንድሮ ገናን አክስቴ ጋ ሱሉልታ ነው የዋልነው፣ ውሻዬን ቦቢንም ይዤው ሄጃለሁ። አያት ኮንዶሚኒየም ቤት ዘግቼበት አልሄድ ነገር፣ ጎረቤትን በበዓል ቀን ውሻ ጠብቁልኝ ብሎ ማስቸገርም ይከብዳል፣ ስለዚህ ይዞ መሄድ ነው ብዬ ከህዳር ጀምሮ ነበር መዘጋጀት የጀመርኩት። ውሻ ያላችሁና ለበዓል ከከተማ ወጣ የምትሉ ካላችሁ ያደረኩትን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ መኪናው ነው፣ ከባዱ ነገር ያለው ግን በጉ የሚታረድበት ግቢ ውስጥ ነው።

ከሁሉ በፊት ክትባት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ይታደሳል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ከሆነ ግን ሰውነቱ መከላከያ እስኪያዳብር ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፣ ዋዜማ ላይ ወስዶ ቢያስወጉት ለዛ ጉዞ አይደርስም። በዛ ላይ ሱሉልታ በየመንገዱ የሚዞር ውሻ ብዙ ነው። ካርዱን በኪሴ ይዤ ሄድኩ፣ የአጎቴ ልጅ ሚስት ገና ከመኪና ሳንወርድ የጠየቀችኝ እሱን ነው፣ ልጆች አሏት፣ ትክክል ናት። ለልጆቹም ነገርኳቸው፣ የማንም ውሻ ቢነክሳቸው ወይ ቢቧጭራቸው ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዛ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፣ ነገ እናየዋለን የሚባል ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ለአክስቴ ለእትዬ ደወልኩ። እሳቸው ቤት ውሻ አይገባም፣ ጸሎት የሚያደርሱበት ቤት ነው፣ እኔም በዚህ አልከራከርም። ግን የታህሳስ ሌሊት ሱሉልታ ውርጭ ነው፣ ቦቢ ጸጉሩ አጭር ነው፣ ጅብም ከእንጦጦ ጫካ ወርዶ አጥር ጥግ ድረስ ይመጣል፣ ውጪ ታስሮ ሊያድር አይችልም።

«እትዬ፣ ያቺ ማገዶ የሚያስቀምጡባት ክፍል በር አላት?» አልኳቸው።

«በርማ አላት፣ ዶሮዎቹን እዛ ነው ያስገባኋቸው እንጂ። አንተ ብቻ ና፣ እነሱን አዛውራቸዋለሁ።»

በቃ በአንድ ስልክ አለቀ። ሳልናገር ይዤው ብሄድ ኖሮ በዓሉን ሙሉ ውሻው የት ይደር ስንባባል ነበር የምንውለው።

መኪናውን በተመለከተ ሚኒባስ ብዙ ጊዜ ውሻ አይጭንም፣ ኮንትራት ነው የያዝኩት፣ ሹፌሩንም ውሻ እንዳለ አስቀድሜ ነገርኩትና ወንበሩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አልሰጠሁትም፣ ውሃ ብቻ፣ ምክንያቱም ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ሲወጣ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ሆዱ የሞላ ውሻ ያስመልሰዋል። በር ከመከፈቱ በፊት ገመዱን እጄ ላይ መጠቅለልም ግዴታ ነው፣ አንዴ ዘሎ ከወጣ በጎጃም መንገድ ላይ የሚሮጠው የጭነት መኪና አያተርፈውም።

አሁን ወደ ምግቡ። የበዓል ቤት ሰው ውሻ ሲያይ ሊያበላ ይፈልጋል፣ ከፍቅር ነው፣ ግን ዶሮ ወጥ ለውሻ በሁለት በኩል አደጋ ነው። አንደኛ ሽንኩርቱ፣ በስሎም ቢሆን የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ ክፋቱ ደግሞ ወዲያው አይታይም፣ ከቀናት በኋላ ነው ድካሙ፣ የድዱ መንጣትና የሽንቱ መጥቆር የሚመጣው። ሁለተኛ አጥንቱ፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ስለታም ሆኖ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። እኔ ሩዝና ሥጋ ያለ ጨው ቀቅዬ በፕላስቲክ ይዤለት ሄድኩ፣ ልጆቹንም ማብላት የፈለገ ከዚህ ነው ብዬ እቃውን ለእነሱ ሰጠኋቸው፣ ኃላፊነት ስለተሰጣቸው ከኔ በላይ ጠበቁት።

ዋናው ግን በጉ ነው። የአጎቴ ልጅ ሳንባውን አውጥቶ ሲያገላብጠው ሽንብራ የምታክል ነጭ፣ ውሃ የቋጠረች ነገር አየንበት፣ ስትነካ ጠንከር ትላለች። «ይሄ ለሰው አይሆንም፣ ለውሾቹ ነው» ብሎ ሊወረውር ሲል እባክህ ቆይ አልኩት። ይሄ በየግቢው የሚደረግ ነገር ስለሆነ በደንብ ላስረዳ። ያቺ ውሃ የቋጠረች እብጠት ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ የትል እጭ ነው፣ ውሻው ጥሬውን ከበላው አንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የምትረዝም ትል ትሆናለች፣ ውሻው ምንም አይመስልም፣ ይጫወታል ይበላል፣ እንቁላሉ ግን ከሰገራው ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩም ላይ ይቀራል። ልጅ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲያነሳ እንቁላሉ ወደሱ ይገባል፣ ከዛ ጉበቱ ወይ ሳንባው ላይ ያው እብጠት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፣ ብዙ ጊዜም በኦፕራሲዮን ነው የሚወጣው። ቄራ ቢሆን ሥጋ መርማሪ ያየዋል፣ ግቢ ውስጥ ግን መርማሪው እኛው ነን።

የአጎቴ ልጅ ዝም ብሎ ሰማኝና አካፋ አመጣ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው፣ ውሻም ጅብም እንዳያወጣው ከላይ ድንጋይ ጫንበት። ንጹህ የሚመስለውን ጉበትና ሳንባም ለግቢው ውሾች ጥሬውን አልሰጠንም፣ 30 ደቂቃ ከተቀቀለ እጩ ይሞታል፣ እትዬ ራሳቸው ናቸው የጣዱልን። ቦቢ ደግሞ ስንመለስ ሐኪም ጋ ሄዶ ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት ወሰደ፣ የተራ አንጀት ትል መድኃኒት ሁሉ ይቺን ትል አይገድልም፣ ስትጠይቁ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ።

ለፋሲካም እዛው ነን። እትዬ ለውሾቹ ብቻ የሚሆን ድስት ለይቻለሁ ብለውኛል፣ የጎረቤታቸው ሰውዬም ውሾቼን አስከትብልኝ ስላሉኝ ከበዓሉ ከወር በላይ ቀድሞ አንድ የእንስሳት ሐኪም ይዤ ለመሄድ ተነጋግረናል፣ ሁሉንም በአንድ ቀን እንዲከትብ።