ጠቅልላችሁ ብትገቡም ታክሱ አብሯችሁ ይመጣል

ከአሜሪካ ጠቅልሎ የገባ ወይም ሊገባ ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። «ደመወዜን እዚሁ በብር እየበላሁ፣ ግብሬን እዚሁ እየከፈልኩ አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) ከእኔ ምን ጉዳይ አለው?»

ጉዳይ አለው። ሲቲዝን ከሆናችሁ ወይም ግሪን ካርድ ከያዛችሁ፣ አዲስ አበባም ኑሩ ዱባይ፣ ገቢያችሁ ለፋይል ግዴታ ከተቀመጠው መጠን ካለፈ በየዓመቱ ታክስ ፋይል ታደርጋላችሁ፣ ማለትም ገቢያችሁን ታሳውቃላችሁ። አብዛኛው አገር ግብር የሚጠይቀው እዚያ የሚኖረውን ሰው ነው። በዜግነት እየተከተለ የሚጠይቀው አሜሪካ ነው፤ ጎረቤታችን ኤርትራም 2 በመቶዋን አትተውም።

ፋይል ማድረግ ሌላ፣ መክፈል ሌላ። እዚህ ተቀጥሮ ከሚሠራው ብዙው ሰው ለአሜሪካ የሚከፍለው ነገር አይኖርም። ጣጣው ያለው ዝም ብሎ መቅረቱ ላይ ነው።

ደመወዝን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በፎርም 1116 እዚህ የተቆረጠባችሁን ግብር ከአሜሪካው ታክስ ላይ ማቀናነስ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው አዋጅ ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለው የወር ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል፣ ስለዚህ ጥሩ ተከፋይ ከሆናችሁ አሜሪካ ከምትጠይቀው በላይ እዚሁ ከፍላችኋል ማለት ነው። ሁለቱ አገሮች የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም፤ ማቀናነሱ ግን በራሱ በአሜሪካ ሕግ ስለተፈቀደ ያ አያሳስብም። መሥሪያ ቤታችሁ ግብሩ መቆረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ በየዓመቱ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ፍለጋ ከመግባት ይሻላል።

ሁለተኛው ፎርም 2555 ነው። በፈረንጆቹ 2025 ለተገኘ ገቢ እስከ 130 ሺህ ዶላር የሚደርስ ውጭ አገር ተሠርቶ የተገኘ ገቢን ከታክስ ውጭ ያደርጋል። ብዙ ሰው የሚጠቀመው በቀን ቆጠራው ነው፦ በተከታታይ 12 ወራት ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ መሆን። ሙሉ ቀን ሲባል ደግሞ ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ከደለስ ተነስታችሁ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ብትወርዱ የወረዳችሁበት ቀን አይቆጠርም፣ ቆጠራው የሚጀምረው ከቀጣዩ ቀን ነው። 12ቱ ወራት ከጥር እስከ ታኅሣሥ መሆን የለባቸውም፤ የሚያዋጣችሁን መነሻ መምረጥ ትችላላችሁ። ግን ለልጅ ምርቃት አሥር ቀን፣ ለሠርግ ሁለት ሳምንት፣ ለሐኪም ቀጠሮ ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት እያላችሁ ከዓመቱ የቀሩትን 35 ቀናት ካለፋችሁ በቀን ቆጠራው በፎርሙ መጠቀሙ ይቀራል።

በግላችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኮንሰልታንትም ሁኑ ካፌ ከፋች፣ 2555 የሚያነሳው የገቢ ታክሱን ብቻ ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፈለው 15.3 በመቶ አይነሳም፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ በዚህ ላይም ስምምነት የላቸውም። ከወንድም ከእህት ጋር ፒኤልሲ አቋቁማችሁ ድርሻችሁ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ፎርም 5471 የሚባለው የውጭ አገር ኩባንያ ማሳወቂያ ሊመጣባችሁ ይችላል፤ እሱን ለባለሙያ ስጡ፣ ራሳችሁ አትነካኩት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ባንክ አካውንቱ። ከአሜሪካ ውጭ ያሉት አካውንቶቻችሁ አንድ ላይ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለውን ሪፖርት በኢንተርኔት ትሞላላችሁ። ታክስ አይደለም፣ አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። አንዲት ዘመዴ ከእናቷ ጋር የጋራ አካውንት አላት፤ ሰሚት ለሚሠሩት ቤት ብረቱንና ሲሚንቶውን የሚገዙት እናትየው ናቸው። «ብሩ እኮ የእማዬ ነው» ትላለች። ሊሆን ይችላል፤ ፊርማዋ ግን አለበት። ፊርማ ካለ ያስቆጥራል፣ የሚቆጠረውም ግማሹ ሳይሆን ሙሉው ነው።

ምንዛሪው የሚሰላው በዓመቱ መጨረሻ ቀን ዋጋ ነው። በፈረንጆቹ 2023 ሲያልቅ 600 ሺህ ብር ያለው ሰው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነበረው፣ ሪፖርት ማድረግ ነበረበት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብር ለገበያ ተለቀቀና በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ያው 600 ሺህ ብር የዚያን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ብር መውረዱ የጠቀመን ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ማን ያየኛል» ለሚል ሰው የቢትነርን ጉዳይ እነግረዋለሁ። ሮማንያ ተወልዶ አሜሪካ ሄደ፣ ዜግነት አገኘ፣ በ1990 አገሩ ተመልሶ ነገደና ከበረ። ኤፍባር የሚባል ግዴታ መኖሩን አላውቅም ነበር ብሏል። አይአርኤስ ለአምስት ዓመት 272 አካውንት ቆጥሮ፣ በአካውንት 10 ሺህ ዶላር አስቦ 2.72 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱ በሪፖርት እንጂ በአካውንት አይታሰብም ብሎ ወደ 50 ሺህ አወረደለት። ተረፈ የሚባለው እንግዲህ 50 ሺህ ከፍሎ ነው!

ግሪን ካርድ የያዛችሁ፣ ታክስ ለማምለጥ ብላችሁ «ነዋሪ አይደለሁም» ብላችሁ ፋይል እንዳታደርጉ። ነዋሪነቴን ትቻለሁ ብላችሁ የፈረማችሁ ያህል ሊቆጠርባችሁ ይችላል። ከዓመት በላይ የምትቆዩ ከሆነም ሪኢንትሪ ፐርሚት (ተመልሶ የመግቢያ ፈቃድ) አመልክቱ። ማመልከቻው የሚገባው እዚያው አሜሪካ እያላችሁ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ዓመት ይሰጣል።

ዓመታት ያለፏችሁም መንገድ አላችሁ። ሆን ብላችሁ ካልሆነ «ስትሪምላይንድ» በሚባለው አሠራር የሦስት ዓመት ታክስና የስድስት ዓመት ኤፍባር ታቀርባላችሁ፣ ያለባችሁ ታክስ ካለ ከነወለዱ ትከፍላላችሁ፣ ውጭ አገር ነዋሪ መሆናችሁን ካሟላችሁ ቅጣት የለውም። አይአርኤስ ምርመራ ከጀመረባችሁ ግን አይሠራም። አድራሻችሁ እስካሁን ቨርጂኒያ ያለው የአክስታችሁ ቤት ከሆነ ቢያንስ ፖስታውን እየከፈቱ ፎቶ አንስተው እንዲልኩላችሁ ንገሯቸው።