ካፖርት የለበሰው ሰውዬ

ሰሞኑን አንድ ባልደረባዬ ስለ ፈጣን ባቡርና ስለ ጣቢያ ሰፈር መልሶ ልማት ያዘጋጀውን ስላይድ «እስቲ እየው» ብሎ ላከልኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የማውቀው ባቡር ቆሟል። ነጭ ነው፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ፣ ጎኑ ላይ ሰማያዊ መስመር። ያንን ባቡር ድሬዳዋ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይኸው እስከዛሬ አልወጣም።

ያኔ የምሠራው አንድ የፕላን አማካሪ ቤት ውስጥ ነበር። ሥራው በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለው ነባር ባቡር ጣቢያና የዙሪያው የአካባቢ ልማት ፕላን (ኤልዲፒ) ነው። ጥናቱ አልቋል፣ ካርታው ታትሟል፣ ሰፈሩ ወደፊት ምን እንደሚመስል የሚያሳየው የኮምፒውተር ሥዕልም (ሬንደሩ) ተዘጋጅቷል፣ አርብ ጠዋት ለነዋሪና ለባለድርሻ አካላት ይቀርባል። ሐሙስ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ኃላፊዬ ደወለ።

«ባቡር የለውም እኮ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሬንደሩ። የባቡር ጣቢያ ነው እያልን ባቡር የለም።»

«የድሮውን የናፍጣ ባቡር፣ ኦቶራዩን ላስገባ?»

«ኧረ ተው! ፈጣን ባቡር አድርግበት። የፈረንሳዮቹን ሊል አስብ።»

ሊልን አሰብኩ። ኃላፊዬ ሊልን ሳይጠራ ያለፈበት ስብሰባ አላስታውስም። ከተማዋ እንዴት ፈጣን ባቡር መሀሏ ድረስ እንዳስገባች፣ ከጣቢያው አጠገብ እንዴት አዲስ የቢሮና የገበያ ሰፈር እንደበቀለ፣ በቃሉ ይወጣዋል። ከንቲባው ፒየር ሞርዋ መስመሩ ከተማዋን በጎን እንዳያልፋት ስንት ዓመት እንደታገለ ግን አንድም ቀን ሲያነሳ አልሰማሁም። ለነገሩ ያን ሌሊት እኔም አላነሳሁትም። ከኢንተርኔት አንድ ጥይት ባቡር አወረድኩ፣ ነባሩ ጣቢያ ፊት ለፊት አቆምኩት። ሙሉው 400 ሜትር ስለሚሆንና ኮምፒውተሬም ስለተንገዳገደ ሦስት ፉርጎ ብቻ አስቀረሁለት። ከሶፍትዌሩ ውስጥ ተዘጋጅተው የሚመጡትን ሰዎች በተንኩበት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተኛሁ።

አርብ ጠዋት አዳራሹ ገና በሁለት ሰዓት ትኩሳቱ ጀምሮታል። ቬንቲሌተሩ የሚያንቀሳቅሰው ሙቀቱን ብቻ ነው። ፊት ወንበር ላይ የምድር ባቡር ጡረተኞች ተቀምጠዋል፤ እነዚያ ሰዎች የትም ስብሰባ ቢጠሩ ቀድመው ነው የሚደርሱት፣ ሰዓት ማክበር ከደማቸው አልወጣም። ባቡሩ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ከኋላ በኩል ጭብጨባ ተሰማ። ኃላፊዬ ዞር ብሎ ጠቀሰኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

የጥያቄ ሰዓት ደረሰ። ከጡረተኞቹ አንዱ እጃቸውን አወጡ። ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ኮፍያ፣ ከሸሚዙ ኪስ እስኪርቢቶና ትንሽ ሜትር ብቅ ብለዋል። ሜትሩን ሳይ ሆዴ ፈራ።

«ልጄ፣ ይሄ ባቡር ከየት ነው የመጣው?»

«ከጅቡቲ» አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው።

«እሺ። በየትኛው ሐዲድ?»

ኃላፊዬን አየሁት። ማይኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «ባለሙያው ያብራራል» አለ። እንዲህ ሲል ድምፁ እንዴት እንደሚለሰልስ!

«የኛ ሐዲድ» አሉ ሽማግሌው፣ ሁለት መዳፋቸውን ፊት ለፊት አቁመው፣ «ስፋቱ 1 ሜትር ነው። ከከተማ ውጭ ያለው የአዲሱ መስመር 1 ሜትር ከ43 ተኩል ነው። ያንተስ?»

የእኔ ሐዲድ ሐዲድ አልነበረም፤ ፎቶ ነው። ከባቡሩ ጎማ ጋር እንዲገጥም ግራና ቀኙን ስቤ የለጠጥኩት ፎቶ። «ስታንዳርድ ጌጅ ነው» አልኩ።

«ስለዚህ የኛን ነቅላችሁታል።»

ይቺ ቃል ወድቃ አልቀረችም። «ነቅለውታል!» «ማን ነው የሚነቅለው?» «አቦ ማነው የፈቀደላቸው?» አዳራሹ ተንጫጫ። በጥናታችን 140 ገጽ ውስጥ ሐዲዱ ይነቀል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የለም፤ እንዲያውም በቅርስነት ይጠበቅ ብለናል። ግን ማን 140 ገጽ ያነባል? ሥዕሉን አይተዋል፤ ሥዕሉ ውስጥ የእነሱ ሐዲድ የለም።

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው ሰውን ዝም አሰኙልኝ። ያዘኑልኝ መስሎኝ ነበር።

«ሁለተኛ» አሉ። «አናቱ ላይ ያለው ክንዱ ተዘርግቷል። ምኑን ነው የነካው?»

አየሁት። ፓንቶግራፉ ተዘርግቶ ሰማይ ነክቷል። ሽቦ የለም፣ ምሰሶ የለም። የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ የድሬን ሰማይ እየዳበሰ። «ለእይታ እንዲያምር ነው ያላስገባነው» ብዬ ቀባጠርኩ።

«ይገባኛል። የኛም በናፍጣ የሚሄደው ሽቦ አይፈልግም ነበር» አሉ። የሳቁት እሳቸው አይደሉም፣ ሌላው ሁሉ ነው።

«የመጨረሻ። እዚህ ጋ ያለው ሰውዬ» ተነስተው ስክሪኑ ድረስ ሄዱና በጣታቸው ነኩት፣ «ካፖርት የለበሰው። ወባ ይዞታል እንዴ?»

እዚህ ላይ አዳራሹ አለቀ። ኃላፊዬ ራሱ ሳቀ፤ እስካሁን ያልተውኩለት ያንን ሳቅ ነው። ሰውዬው ግራጫ ካፖርት ለብሷል፣ ስካርፍ ጠምጥሟል፣ በአንድ እጁ የሕፃን ጋሪ ይገፋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ነው ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት።

ከስብሰባው በኋላ ላመልጥ ስል በር ላይ ያዙኝ። «ጋሼ፣ በጣም ይቅርታ፣ እርስዎ ያሉት በሙሉ...» ስል አቋረጡኝ።

«አቦ አንቱ አትበለኝ። የማን ልጅ ነህ?»

የድሬው የሳቢያን ሰፈር ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ተገረሙ። «ታዲያ የድሬን ሰው ካፖርት የምታለብሰው ምን አድርጎህ ነው?» ሻይ ጋበዙኝ። ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሜትራቸውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ 1 ሜትሩን ለኩልኝ፤ የተረፈውን 43 ተኩል በስንዝር ከጠረጴዛው ውጪ፣ አየር ላይ። «እዚህች ውስጥ ነው ችግሩ ያለው» አሉ። አንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድም፤ አዲሱን ከዚራ ለማስገባት አዲስ ሐዲድ፣ ሽቦና ምሰሶ እስከ ከተማው መሀል መዘርጋት አለበት። ፈጣን ነው ያልኩትማ ጭራሽ ሌላ ነው። በ2009 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ለመንገደኛ የተነደፈው በሰዓት ለ120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዓለም ፈጣን የሚለው አዲስ መስመር ከ250 ጀምሮ ነው። በ300 የሚሮጥ ባቡር ሲታጠፍ የኩርባው ሬዲየስ 4 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይፈልጋል። ይህንን የመጨረሻውን እሳቸው አላሉኝም፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ተናድጄ ያነበብኩት ነው። በእኔ ሬንደር ባቡሩ አደባባዩን እንደ ባጃጅ ዞሮ ነበር የገባው።

በዚያው ንዴት ሌላም ነገር አነበብኩ። ሊልን በጠቀመው በዚያው መስመር ላይ፣ በአሚየንና በሴን ካንታን መሀል ሜዳ ላይ የቆመ ሌላ ጣቢያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው የተከፈተው። ፈረንሳዮች የሸንኮር ቀይ ሥር ጣቢያ ብለው ይቀልዱበታል፤ ዙሪያው የስኳር ቀይ ሥር እርሻ ስለሆነ። የእኛም አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጪ ሜዳ ላይ ነው ያለው። ሊል ሊል ስንል የከረምነው፣ የእኛ ወንድም ግን ያኛው ነበር።

ይህንን በሌላ ቀን ለሽማግሌው ስነግራቸው ብዙም አልደነቃቸውም።

«ድሬስ ራሷ ምን ነበረች? ባቡሩ የሐረርን ዳገት አልችልም ሲል በ1895 ሜዳ ላይ የቆመች ጣቢያ ናት። ስሟንም አዲስ ሐረር ነበር ያሏት። ሐረሮች ያኔ ምን እንዳሉ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። አሁን እኛ የምንለውን ሳይሉ ግን አይቀሩም።»

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደገና ሠራሁት፤ በሕይወቴ ጥሩ የሠራሁት ፕላን እሱ ይመስለኛል። ጥይት ባቡሩን አወጣሁ። ሐዲዱን በ1 ሜትሩ መለስኩ። ከዚራን ከአዲሱ ጣቢያ ጋር የሚያገናኝ የአውቶቡስ መስመር፣ የባጃጅ ማቆሚያ፣ ቀን ላይ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ የሚጠለልበት የኒም ጥላ፣ የድሮውን የባቡር ጥገና አተልዬ ለወጣት መካኒኮች ማሠልጠኛ። ሰዎቹንም ለወጥኳቸው፤ ሽርጥ ያገለደመ፣ ድርያ የለበሰች፣ ጀሪካን የያዘ ልጅ። አንድ ሙሉ ሳምንት ፈጀብኝ።

ኃላፊዬም ያንን የሐረርና የድሬ ነገር ከእኔ ሰምቶ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተናገረው። «እኔ ሁሌም እንደምለው» ብሎ ነው የጀመረው። ጡረተኞቹ ያን ቀን አልተጠሩም።

አሠሪው መሥሪያ ቤት የተሻሻለውን ሬንደር በሦስተኛው ቀን መለሰው። ከሥሩ በቀይ እስኪርቢቶ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «ባቡሩ የታለ?»

ኃላፊዬ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይናገር ሄደ። እኔም ብዙ አልተከራከርኩም፤ ክፍያው የሚለቀቀው በዚያ ሥዕል ነው። ያንኑ ባቡር መለስኩት። ሽቦውንና ምሰሶውን ግን አንድ በአንድ፣ ኢንሱሌተሩ ሳይቀር፣ በጥንቃቄ ሣልኩ።

ባልደረባዬ የላከልኝን ስላይድ አጉልቼ ያየሁት ለዚህ ነው። ሽቦው አለ። ያ ሰውዬም እዚያው ቆሟል፤ ጋሪውን እየገፋ፣ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ።