የአዳማ ነፋስና የበጋ ፀጉር

አዳማ ላይ ከኅዳር ጀምሮ ነፋሱ ፋታ አይሰጥም። አየሩ ሲደርቅ ፀጉር ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ መውጫ ያጣል፤ እርጥበት ቢኖር ቀስ እያለ ይጠፋ ነበር። የናይለን ሻርፔን ሳወልቅ ጠጥ ጠጥ ይላል፣ ግንባሬ ላይ ያሉት ቀጫጭን ፀጉሮች ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አሁን የጥጥ ነጠላ ነው የምከናነበው።

ታጥቤ ስጨርስ በፎጣ አልፈትገውም። ገና እርጥብ እያለ ጥቂት የወይራ ዘይት መዳፌ ላይ አሽቼ ከመሃል እስከ ጫፍ እቀባዋለሁ። ሥሩን አልነካም፣ ይከብደዋል። የፕላስቲክ ማበጠሪያ ፀጉሩን ያስነሳዋል፤ የእንጨት ሚዶ ይሻላል።

ለጋ ቅቤስ? እወደዋለሁ! ለሥራ ቀን ግን ሽታው ይከብዳል፤ ቅዳሜ ተቀብታችሁ፣ በሻሽ አስራችሁ እደሩና እሁድ ለብ ባለ ውሃ ታጠቡት።